አቻምየለሽ የተባለችው በረዶ

ባለፈው ሳምንት የእጅ ሰዓቴ ቆመችብኝና ባትሪ ላስቀይር ባቡር ጣቢያው ውስጥ ወዳለች፣ ከቁም ሳጥን እምብዛም ወደማትበልጥ የሰዓት ሠሪ ሱቅ ጎራ አልኩ። ሰውየው የሰዓቴን ጀርባ ከፍቶ በትንሽ ብሩሽ ሲጠራርገው ያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ቤንዚን፣ ቀጭን ዘይት፣ ትንሽ ደግሞ የብረት ሽታ። «ጨርሻለሁ» ያለኝ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሴንት ጄምስ ታውን፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ የበረዶ ካርድ እየሠራሁ ነው።

ለበረዶ ስም ያስወጣሁላት እኔ ነኝ። ይህን ስናገር ጉራ ይመስላል። ይምሰል። ያኔም ጉረኛ ነበርኩ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣውም ከጉራዬ ነው።

ጋሼ የምንላቸው የእናቴ አጎት ናቸው። እማዬ ለዓመታት ፎርም ስትሞላ፣ ወረቀት ስትልክ ቆይታ በዚያ ዓመት መስከረም ማለቂያ ላይ ስፖንሰር አድርጋ አመጣቻቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ፒያሳ፣ አንድ ደረጃ ሥር ባለች ሱቅ ሰዓት ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሻንጣቸው ሲከፈት ግማሹ ልብስ፣ ግማሹ መሣሪያ ነበር፦ ወረንጦ፣ እንደ መርፌ የቀጠኑ ካቻቪቴዎች፣ ትንንሽ መቀሶች፣ የዘይት ብልቃጥ፣ እና ማንም ሳይዛት ዓይን ላይ ተሰክታ የምትቀር ጥቁር ማጉያ መነጽር። መጀመሪያ ቀን እሷን ሰክተው ሳያቸው ዓይናቸው ከቦታው የወጣ መስሎኝ «እማዬ! ጋሼ ዓይናቸው ወለቀ!» ብዬ ጮህኩ። ጋሼ ቀና ብለው በዚያችው ቱቦ በመሰለች ዓይናቸው አዩኝና «ገና አልወለቀም፤ ሲወልቅ እጠራሻለሁ» አሉኝ።

ችግሩ ቶሮንቶ ውስጥ ሰዓት ይዞ ወደ ጋሼ የሚመጣ ሰው አለመኖሩ ነበር። ቤታችን ውስጥ የሚፈታ ነገር ሁሉ ፈትተው ገጠሙ፤ የእማዬን ሰዓት፣ የምድጃውን ደወል፣ የእኔን መጫወቻ ባቡር። ብርዱን ስለሚፈሩ ከሕንፃው አይወጡም፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በኮሪደሩ ከሊፍቱ እስከ ድንገተኛ መውጫው በር ይመላለሳሉ። አንድ ቀን እማዬን «አስቴር፣ እኔ እዚህ አገር ለምን እንደምጠቅም ግልጽ አልሆነልኝም» ሲሏት ሰማሁ። እማዬ ሳህን ማጠቧን ቀጠለች። እኔ ደግሞ ይሄ እንዴት ግልጽ አይሆንላቸውም ብዬ ገረመኝ፤ ጋሼ ከትምህርት ቤት ስመለስ በር የሚከፍቱልኝ ሰው ናቸው፣ አለቀ።

ሌላው የሚገርመኝ ነገር ሰዓታቸው ነበር። ጋሼ ሰዓታቸውን የሚሞሉት በአገር ቤት አቆጣጠር ነው። የምድጃችን ሰዓት ጠዋት ሰባት ሲል የእሳቸው አንድ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ሲል የእሳቸው ሰባት። ማንም አላስረዳኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በራሴ ሒሳብ ጋሼ ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚኖሩ ሰው ናቸው ብዬ ደመደምኩ። «እራት ምንድነው?» ስላቸው «ከየት አውቄ» ካሉኝ፣ ገና እዚያ ሰዓት ላይ ስላልደረሱ ነው ብዬ አዝንላቸው ነበር።

እንግዲህ ወደ ጉራዬ ልምጣ። አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ አስተማሪያችን ሚስ ዶነሊ ትባላለች። ትምህርት ቤት ለበዓል ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው «ሁላችሁም በእጃችሁ የክረምት ካርድ ትሠራላችሁ» አለችን። ካርዱ ላይ አንድ የበረዶ ቅንጣት ይኖራል፤ ስኖውፍሌክ የምትባለዋ። ከሥሯም እያንዳንዳችን በቤታችን ቋንቋ ስሟን እንጽፋለን። ዓርብ ቀን ወላጆች ይጋበዛሉ፣ እኛም ቆመን እናነባለን። ሚስ ዶነሊ ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፋ የሁላችንን ስም ጻፈችና ቃላችንን በየተራ መጠየቅ ጀመረች።

እኔ ጋ ስትደርስ ያለ ምንም ጥርጣሬ «በረዶ» አልኩ።

ቢካሽ እጁን አወጣ። ቢካሽ የኔፓል ልጅ ነው፤ ዘጠነኛ ፎቅ ይኖራል። እማዬ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ የጠዋት ፈረቃ ስለምትሠራ ገና ሳይነጋ እንቅልፌን ሳልጨርስ እነሱ ቤት ታደርሰኛለች፤ ቁርሴን እዚያ በልቼ ከቢካሽ ጋር ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ስለዚህ በየቀኑ እንጣላለን።

«ስኖውስ ምን ይባላል?» አለኝ።

«በረዶ።»

«አይስስ? ፍሪጅ ውስጥ ያለው?»

«...በረዶ።»

«ከሰማይ እንደ ጠጠር እየመታ የሚወርደውስ?»

ሌላ ቃል ከየትም ባመጣ ደስ ባለኝ ነበር። «እሱም በረዶ ነው» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ቢካሽ ግን አልሳቀም፤ እንዲያውም በቅን ልቡ እንደሚያስረዳ ሰው «እኛ የዓለም ረጅሙ ተራራ ስላለን ቃል አለን። እናንተ ስኖው ስለሌላችሁ ነው ቃል የሌላችሁ፤ ችግር የለውም» አለኝ። ችግር የለውም ማለቱ ነው ያቃጠለኝ።

«አለን!» አልኩ። «ለስኖውፍሌክ ብቻ የሆነ የራሷ ቃል አለን። ለሁሉም ሰው አይነገርም። ዓርብ አመጣዋለሁ።»

ሚስ ዶነሊ «ደስ ይለናል፣ አይና» ብላ (ዓይናለም ማለት አይሆንላትም) ከስሜ ጎን ያለውን መስመር ባዶውን ተወችው። ሃያ አራት መስመር ተሞልቶ የእኔ ብቻ ነጭ ሆኖ ቀረ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍል በገባሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ያን ባዶ መስመር ነበር።

ያን ቀን ማታ እማዬን ስጠይቃት ጫማዋን እያወለቀች «በረዶ ነዋ፤ ሌላ ምን ይሆናል?» አለችኝ። ቀጥታ ወደ ጋሼ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ለስኖውፍሌክ ኔም ስጠኝ።»

«ማን ይስጥሽ?»

«ይስጡኝ።»

«እንዲህ በይ። ኔም ምንድነው?»

«ስም። ስሙ... እእ... ቢዩቲፉል የሆነ ስም። ለክረምት ካርድ ነው።»

«ክረምቱ አልፎ የለም እንዴ?» አሉ ጋሼ። ለእሳቸው ክረምት ማለት ሐምሌና ዝናብ ነው። ካስረዳኋቸው በኋላም ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ያላየሁትን ስም አላወጣም።»

«ባለፈው ሳምንት ስኖው አደረገ እኮ! በመስኮት አይተዋል።»

«እሱ ጭጋግ ነው ያየሁት። አንዷን ለብቻዋ አላየኋትም።» ከዚያ የእኔን ስም ታሪክ ነገሩኝ። እኔ ስወለድ እማዬ ስም እንዲያወጡልኝ በስልክ ለመነቻቸው። ፎቶዋ ይምጣ አሉ። ፎቶው በሰው እጅ እስኪደርሳቸው ሳምንታት አለፉ፤ ሆስፒታሉም የጤና ወረቀቴ ላይ ቤቢ ገርል እያለ ቆየ። ፎቶው ሲደርስ ማጉያዋን ሰክተው ዓይኔን አዩ። ዓይናለም ያሉኝ ያኔ ነው። «ያን ጊዜ በጭፍኑ ስም ባወጣልሽ ኖሮ ዛሬ ምን ተብለሽ ትጠሪ ነበር?» አሉኝ። እኔ ግን ዝም ብለው አንድ ቃል ቢፈጥሩልኝ ምን እንደሚጎዳቸው አልታየኝም።

ስም ቢከለክሉኝም ካርዱን ግን አብረውኝ ሠሩ። ሚስ ዶነሊ ሰማያዊ ወፍራም ወረቀትና ነጭ ስስ ወረቀት ሰጥታን ነበር። ጋሼ ነጩን ወረቀት በሳህን ዙሪያ በእርሳስ ከበው ቆረጡ፤ ለሁለት አጠፉት፣ እንደገና ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት። በጥፍራቸው ጀርባ እጥፉን ሲያሹት መጨማደድ የሚባል አልቀረም። ከዚያ ማጉያዋን ሰክተው በትንሿ መቀስ ጠርዙን ይበሱት ጀመር፤ ቅሪቱ ጠረጴዛው ላይ እንደ ፎረፎር ተበተነ። ስከፍተው እንደ ሰዓት ጥርስ የተስተካከለ፣ ስምንት ክንድ ያላት ነገር ወጣች። ከክፍላችን ልጆች አንዱም እንዲህ ዓይነት ነገር ሊያመጣ አይችልም። ግን ከሥሯ የሚጻፍ ቃል አልነበረኝም። እስከ ሐሙስ ማታ ድረስ ለመንኳቸው፤ «አላየኋትም» ብቻ ነው መልሳቸው።

ሐሙስ ማታ እማዬ የግብዣውን ወረቀት አንብባ ፈረቃዋ እንደማይለቃት፣ ምናልባት ዘግይታ እንደምትደርስ ነገረችኝ። ፊቴ ሲጠቁር ጋሼ አዩ። «እኔ እመጣለሁ» አሉ። እማዬ ደነገጠች፤ ጋሼ ለብቻቸው ከሕንፃው ወጥተው አያውቁም። «ትምህርት ቤቱ ከመስኮቱ ይታየኛል፣ አስቴር። ሕፃን አይደለሁም። ስንት ሰዓት ነው፣ ዓይናለም?»

ወረቀቱ ላይ አንድ ይላል። ምንም እንግሊዝኛ ሳልቀላቅል፣ ቋንቋዬን በማሳመሬ እየተኩራራሁ፣ «በአንድ ሰዓት ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። ጋሼ ይህን ሲጠይቁኝ እማዬ ገላዋን ልትታጠብ ገብታ ስለነበር አልሰማችንም።

«በማለዳ!» አሉ ጋሼ። «እንዲህ ነው እንጂ። የሥራ ሰዎች ናቸው።»

ዓርብ ጠዋት እማዬ እንደ ወትሮው እያንጠለጠለች ዘጠነኛ ፎቅ አደረሰችኝ። ካርዴን የዳቦ ፌስታል ውስጥ አድርጌ ደረቴ ላይ አቅፌዋለሁ። ቁርስ እየበላን ቢካሽ «ቃሉን አገኘሽው?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። ያልተናገርኩት ውሸት አልቀረኝም። በመንገድ ላይ በረዶ ይወርዳል፤ ነፋስ ስለሌለ ቀስ ብሎ፣ ትልልቅ እየሆነ። እኔ ግን አሞኝ ወደ ቤት በመለሱኝ እያልኩ ነበር የምሄደው።

የትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ስንደርስ ልጆች ተሰብስበዋል። መሐላቸው እማዬ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ የገዛችላቸውን ረጅም ጥቁር ካፖርት የለበሱ፣ ኮፍያቸው ላይ የተከመረ በረዶ ያለባቸው፣ አንድ ዓይናቸው ላይ ቱቦ የሰኩ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው የገዛ እጅጌያቸውን ያያሉ።

«አያትሽ ናቸው እንዴ?» አለኝ ቢካሽ።

አላውቃቸውም ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ልጆቹ ሁሉ ያዩአቸዋል፣ አንዳንዱ ይስቃል፣ እኔም ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ፈቃዴ ነበር። ግን ጋሼ ቀድመው አዩኝ።

«ዓይናለም! ትንፋሽሽን ያዢና ነይ!»

ትንፋሼን ይዤ ሄድኩ። ማጉያዋን ከዓይናቸው አውጥተው የእኔ ዓይን ላይ ሰኩልኝ፤ ከዓይናቸው ስለመጣች ሞቃለች፣ ቤንዚንና ዘይት ትሸታለች። ጥቁሩን እጅጌ ወደ ፊቴ አስጠጉት። መጀመሪያ የሱፍ ጸጉር ብቻ ነበር የሚታየኝ፣ እንደ ጫካ። ከዚያ ጫካው ላይ የተቀመጠችውን አየኋት። ከመስታወት የተሠራች ነበረች። ከመሐሏ ክንዶች ይወጣሉ፣ ከክንዶቹ ሌሎች ትንንሽ ክንዶች፣ ከእነሱም እንደገና፤ ሁሉም ልክክ ያሉ። ማን እንዲህ አድርጎ ቆረጣት ብዬ አሰብኩ። ሳላውቀው ተነፈስኩና ጠፋች፤ እጅጌው ላይ የውሃ ነጥብ ብቻ ቀረ።

«ትንፋሽሽን ያዢ አላልኩሽም?» አሉ ጋሼ። «እኔም መጀመሪያ ላይ አሥሩን ገደልኳቸው። የፀጉር ያህል ለምትቀጥን የሰዓት ሽቦ እንደምጠነቀቀው ነው የምትፈልገው። ይልቅ ስንት ጥርስ ቆጠርሽ?»

ሌላ አንዷን ፈለጉልኝ። ቆጠርኩ። «ስድስት።»

«የእኛ ካርድ ስንት አለው?»

ፌስታሌን ወደ ታች አየሁት። «ስምንት» አልኩ።

«ሁሉም ስድስት ናቸው» አሉ ጋሼ። «ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ሳያቸው ነው ያረፈድኩት፤ ስድስት ያልሆነች አላገኘሁም። ግን እነዚህ አስተማሪዎችሽ ምነው? በአንድ ሰዓት ብለው ጠርተው ይኸው ሁለት ሰዓት ከአርባ ሆነ፣ በር የሚከፍት የለም። መጀመሪያ ስመጣ እንዲያውም መብራቱ ብቻ ነበር የተቀበለኝ። ሰዓት አያከብሩም እንዴ?»

የእጅ ሰዓታቸውን አየሁ፤ ሁለት ከአርባ። የትምህርት ቤቱን የግድግዳ ሰዓት በመስታወቱ ውስጥ አየሁ፤ ስምንት ከአርባ። በዚያች ቅጽበት ነው የገባኝ። ጋሼ ወደ ኋላ የሚኖሩ ሰው አልነበሩም፤ ያንኑ ሰዓት በሌላ ቁጥር የሚጠሩ ሰው ነበሩ። በእኔ ስህተት ሰው ገና ሳይነቃ መጥተው፣ የሚፈሩት ብርድ ውስጥ ቆመው፣ ሪዛቸው ላይ በረዶ ጋግሯል።

«ጋሼ» አልኩ፣ እንባዬ እየመጣ፣ «አንድ የእነሱ ነው። በእርስዎ ሰባት ሰዓት ነው።»

ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ሳቅ ፈነቀላቸው፤ ኮፍያቸው ላይ ያለው በረዶ እስኪረግፍ ሳቁ። «ስድስት ሰዓት አሳስተሽኝ ስድስት ጥርስ አሳየሽኝ!» አሉ። «አታልቅሺ፣ በልክ ብትነግሪኝ ኖሮ መቼ አያት ነበር? አሁን ስሟን ላውጣላት።»

እንባዬ ቀጥ አለ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ሳያት ሁለት አንድ ዓይነት አጣሁ። አንዷ እንኳ የሌላዋ መለዋወጫ አትሆንም። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አላጋጠመኝም።» ቀና ብለው ወደሚወርደው በረዶ አዩ። «አቻምየለሽ ትባል።»

«የአሮጊት ስም ነው እኮ!» አልኩ። እውነቴን ነው፤ እማዬ በስልክ የምታወራት አንዲት አቻምየለሽ የምትባል ዘመድ ነበረችን።

«ታዲያ ይቺ ከአሮጊት ታንሳለች? ከዓለም መፈጠር ጀምሮ ስትወርድ የኖረች ናት» አሉ።

ደወሉ ተደወለ። ሚስ ዶነሊ ልጆቹን ልታስገባ ወጥታ ጋሼን ከነበረዷቸው ስታይ ነገሩን ጠየቀች፤ እኔ እየተንተባተብኩ አስረዳኋት። ልትስቅ ፈልጋ አልሳቀችም። ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው፣ ሻይ አስመጣችላቸው፣ ማሞቂያው አጠገብ የልጅ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ። እኔም ካርዴ እንደተበላሸ ነገርኳት። ዞር ብላ የክፍሉን ካርዶች ስታይ አራት ክንድ ያለው አለ፣ ስምንት ያለው አለ፤ የቢካሽም ስምንት ነበር። «አያትሽ ስድስት አድርጎ ማጠፍ ያሳዩናል?» አለችኝ።

አስተረጎምኩላቸው። ጋሼ ዙሪያውን አዩ፤ የሚያጥፉበት ነገር ሳይሆን የሚያስረዱበት ነገር እየፈለጉ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አገኙ። ፊታቸው ላይ የመጣውን ነገር ከመጡ ጀምሮ አይቼው አላውቅም ነበር፤ የሱቃቸው መዝጊያ የተከፈተ ይመስል ነበር።

«ወረቀቱ ክብ ይሁን፤ እንደ ሰዓቱ» አሉ፣ እኔ በእንግሊዝኛ እያልኩ። «ከአሥራ ሁለት እስከ ስድስት ለሁለት እጠፉት። አሁን ግማሽ ሰዓት ይዛችኋል። ሁለት ላይ እጠፉ። አራት ላይ እጠፉ። በቃ። ከዚያ አንዴ መሐሉን እጠፉና ቁረጡ።» ሃያ አምስት ልጅ ሰዓቱን እያየ አጠፈ። ጋሼ በየጠረጴዛው እየዞሩ እጥፉን በጥፍራቸው ጀርባ አሹ፤ ጎንበስ ባሉ ቁጥር ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። አንድ በአንድ ሲከፈቱ ሁሉም ስድስት ሆኑ፤ ሁለት አንድ ዓይነት ግን አልነበረም።

የእኔን ስከፍት ጋሼ ጣታቸውን ከጫፍ ጫፍ አስኬዱባት። «አሥራ ሁለት፣ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥር። በእኔም ሰዓት በእነሱም ሰዓት ብታይው ያው ነው፤ ስድስት ብታዞሪው አይለወጥም» አሉኝ። ከዚያ ስሟን በፊደል ጻፊ አሉኝ። በጣቴ ቆጠርኩ፤ አ፣ ቻ፣ ም፣ የ፣ ለ፣ ሽ። እንደገና ቆጠርኩ። ስድስት ፊደል ነው። ጋሼም አላሰቡት ኖሮ «እንዴ!» አሉ። በእያንዳንዱ ክንድ ጫፍ አንዳንድ ፊደል ጻፍኩ፤ አ ከላይ፣ ቻ ሁለት ላይ፣ ም አራት ላይ፣ የ ከታች፣ ለ ስምንት ላይ፣ ሽ አሥር ላይ።

በአንድ ሰዓት፣ በእነሱ አንድ ሰዓት፣ ወላጆች ገቡ። ተራዬ ሲደርስ ወደ ፊት ወጣሁ። ካርዴን ከፍ አድርጌ ይዤ «አቻምየለሽ» ብዬ አነበብኩ። ትርጉሙንም ነገርኳቸው፦ እንደ አንቺ ያለ ማንም የለም ማለት ነው፣ ምክንያቱም እያንዳንዷ ብቻዋን ናት።

ቢካሽ እጁን አወጣ። አውቄዋለሁ እንደሚያወጣ። «እውነተኛ ቃል ነው ወይስ የፈጠራችሁት ነው?»

ከሰኞ ጀምሮ የያዝኩት ውሸት «እውነተኛ ነው» በይ አለኝ። ከኋላ በኩል ጋሼ በትንሿ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ምን እንደተባለ ሳይገባቸው ፈገግ ብለው ያዩኛል። እሳቸው ያላዩትን ነገር አላየሁም ብለው አራት ቀን ጸንተው፣ እኔ እዚህ ልዋሽ?

«ሰኞ ዕለት ዋሽቼ ነበር» አልኩ። «እስከ ዛሬ ጠዋት ቃል አልነበረንም። አሁን አለን።»

ሚስ ዶነሊ ማርከሩን አምጥታ ሰጠችኝ። ባዶው መስመር ላይ በትልልቅ ፊደል ራሴ ጻፍኩት። ስዞር እማዬ ከነሥራ ልብሷ በሩ ላይ ቆማለች፤ መቼ እንደደረሰች አላየሁም። በዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔና ከጋሼ ሌላ ያን ቃል ማንበብ የምትችል ሰው እሷ ብቻ ነበረች። አነበበችው፣ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፣ ከዚያ ጋሼን አየቻቸው፤ አራት ልጆች ማጉያዋን ለማየት ዙሪያቸውን ተሰልፈዋል። ሳቋ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ዓይኗን ጠረገች። እኔ በዚያን ቀን በጋሼ የኮራሁትን ያህል በማንም ኮርቼ አላውቅም፤ በራሴም ጭምር፣ አልደብቅም።

ትምህርት ሲያልቅ በረዶው አልቆመም ነበር። ልጆቹ ሁሉ ግቢው ውስጥ ጥቁር እጅጌ ያለው ልጅ እየፈለጉ ይሯሯጣሉ። ቢካሽ ክንዱን እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ እኔ እየሮጠ መጣ፤ «አቻ! አቻ! ነይ እይ፣ አቻ!»

ጋሼ ሰሙት። «ቆርጦ ጣለው እኮ!» አሉኝ። «የለሽን ትቶ አቻን ያዘ። አቻ ማለት እኩያ፣ ጓደኛ ማለት ነው፤ ትርጉሙን ገለበጠው። ንገሪው።»

ነገርኩት። ቢካሽ ግን ትከሻውን ነቀነቀ። «በእኛ ቋንቋ አቻ ማለት ጥሩ፣ እሺ ማለት ነው። ሁለቱም ይሆናል» አለ። ይህንንም ለጋሼ መልሼ ተረጎምኩላቸው። ጥቂት አሰቡና ማጉያዋን ከኪሳቸው አውጥተው ቢካሽ ዓይን ላይ ሰኩለት። «እንግዲያው አቻም ትባል። ስም የወጣለት ሰው ሁሉ የቤት መጠሪያ አለው» አሉ። ከዚያ በኋላ እስከ መጋቢት ድረስ በዚያ ግቢ በረዶ ሲጥል የሚሰማው ጩኸት «አቻ!» ነበር፤ ከየአገሩ የመጣ ልጅ ሁሉ ይለው ነበር።

ያን ቀን ሦስታችን በሊፍቱ ስንወጣ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አስቴር፣ ያቺ አስተማሪ ሰኞም ና ብላኛለች። ለሌላው ክፍል ሰዓት እንዳስተምር። በአንድ ሰዓት።»

እማዬ እኔን አየችኝ፣ እሳቸውን አየች። «በማን አንድ ሰዓት፣ ጋሼ?»

«በእነሱ» አሉ ጋሼ፣ ማጉያዋን በመሐረባቸው እየወለወሉ። «እኔ ግን የምሄደው በእኔ ነው። እስኪከፍቱልኝ ድረስ የማየው ሥራ አለኝ።»